ደጁ የተዘጋበት ደቀ መዝሙር

ኡቤር ደ ዢቫንሺ በ1927 በፈረንሳይ አገር ቦቬ በምትባል ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ በ1930፥ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ፥ እናቱና አያቱ አሳደጉት። የእናቱ አባት ሥዕል ያለበት የግድግዳ ምንጣፍ የሚሠራበት የታወቀ የእጅ ሥራ ቤት አስተዳዳሪ ነበረና፥ በአያቱ ቤት ከየስፍራው የተሰበሰበ ልዩ ልዩ ጨርቅ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ልጁ በትምህርቱ በበረታ ጊዜ ሽልማቱ ያ ጨርቅ ወጥቶለት ማየትና መዳሰስ ነበር። ሌላው ልጅ ጣፋጭ በሚለምንበት ዕድሜ ሐር መዳሰስን የሚለምን ልጅ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም። በ1937 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የልብስ ጥበብ የሚታይበትን አዳራሽ በዐሥር ዓመቱ አይቶ፥ የወደ ፊት ሥራው ይህ እንዲሆን ቈረጠ፤ ዘመዶቹ ግን ሕግ እንዲማር ይመኙ ነበር።

በዚያው በ1937 ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ የሚባል የእስፓንያ ሰው በፓሪስ በጆርጅ አምስተኛ ጐዳና የልብስ ቤት ከፈተ። ይህ ሰው በ1895 ጌታሪያ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ የተወለደ፥ የመርከበኛና የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። መርፌ መያዝን ከእናቱ ተማረ። በአገሩ ስሙ ከተጠራ በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሥራው ስለ ተሰናከለበት ወደ ፓሪስ ተሰደደ። ወጣቱ ዢቫንሺ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ የወደደው ይህንን ስደተኛ ነበር።

ስለ ምን እንደ ወደደው ለማስተዋል ስለ እጅጌ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እጅጌ ለማያውቀው ሰው ክንድ የሚገባበት ጨርቅ ብቻ ነው፤ ለሚሰፋው ግን ከልብስ ክፍል ሁሉ የከፋ ፈተና ነው። ክንድ ወደ ላይ በተነሣ ጊዜ ልብሱ አብሮ እንዳይጐተት፥ በወረደም ጊዜ በብብት ሥር እንዳይጨማደድ፥ ትከሻውና ብብቱ በልክ መቈረጥ አለባቸው። ባሌንሲያጋ የተሰፋውን እጅጌ ልቡ ካልወደደው፥ ልብሱ ያለቀ ቢሆንም እንኳ፥ በገዛ እጁ ፈትቶ እንደ ገና ይሰፋው ነበር። ከጓደኞቹ ብዙዎቹ በወረቀት ሥለው ለሠራተኛ የሚሰጡ ሲሆኑ፥ እርሱ መንደፍም፥ መቍረጥም፥ መስፋትም ያውቅ ነበር። ኮሌታውን ከአንገት ጥቂት አርቆ ይሠራዋል፤ አንገት እንዲረዝምና እንዲያምር ነው። እጅጌውንም ከእጅ አንጓ በላይ ያስቀረዋል፤ አምባር እንዲታይ ነው። ዕድሜዋ የገፋ ወይም ሰውነቷ የወፈረ ሴት በእርሱ ልብስ አታፍርም፤ ጨርቁ ገላዋን ሳያስጨንቅ በዙሪያዋ ይቆማልና። ደግሞም ካባዎቹን ያየ ሰው በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ያያቸውን የካህናት አልባሳት ሳያስታውስ አይቀርም። ሰውዬው ጸሎት የማያስታጕል ካቶሊክ ነበረና፥ የሥራ ቤቱም እንደ ገዳም ጸጥ ያለ ነበር ይባላል። ልብሶቹ ለሕዝብ በታዩ ጊዜ ለጭብጨባ ወጥቶ እጅ አይነሣም ነበር። ይህ ነገር በዚያ ዝና በሚያሳድድ ሙያ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነው።

ዢቫንሺ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ ፓሪስ መጥቶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ንድፎቹንም ይዞ ወደዚያ ወደሚያደንቀው ሰው ቤት ሄደ፤ ዳሩ ግን መምህሩን ሳያይ ከደጅ መለሱት። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ተማሪዎችን ይሰብራል፤ ሌሎችንም ደግሞ የወደዱትን ወደ መንቀፍ ያዞራቸዋል፤ ይህኛው ከስብራቱ የባሰ ነው። ልጁ ግን ከሁለቱም ዳነ። በ1945 ዣክ ፋት ዘንድ ተቀጠረ፤ ከዚያም በሌሎች ቤቶች፥ በመጨረሻም በስኪያፓሬሊ ቤት እስከ 1951 አገለገለ። በ1952 የራሱን ቤት ሲከፍት ዕድሜው ሃያ አራት ነበረ፤ ገንዘብ ስላልነበረው ከውድ ሐር ይልቅ ለሸሚዝ በሚሆን ርካሽ የጥጥ ጨርቅ ሠርቶ አቀረበ። ቀሊልና ለለባሹ የሚመች ልብስ ነበረ፤ በመምህሩ ቤት ከሚሠራው ጋር አይመሳሰልም። ምናልባትም ያ የተዘጋ ደጅ ለወጣቱ የጠቀመው በዚህ ይሆናል፤ ገና በልጅነቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህቺን የጥጥ ሸሚዝ ማን ይሠራት ነበር?

በ1953 ሁለቱ በኒው ዮርክ ከተማ ተገናኙ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። የሚገርመው ነገር ትልቁ ሰው ትንሹን አለመናቁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል፤ በፓሪስ ከእርሱ በላይ የሚባል ጠቢብ አልነበረም። በ1956 ሁለቱ ተስማምተው አዲስ ልብሳቸውን ለጋዜጠኞች ከሌሎቹ ቤቶች ዘግይተው ለማሳየት ወሰኑ፤ ሥራቸው እየተሰረቀ በየአገሩ እንዳይቀዳባቸው ነበር። በ1959 ዢቫንሺ ቤቱን በዚያው በጆርጅ አምስተኛ ጐዳና ከመምህሩ ፊት ለፊት አደረገው። ትናንት የተመለሰበትን ደጅ ዛሬ በመስኮቱ ያየው ነበር።

ነገር ግን አንድ የሚያጠያይቅ ነገር አለ። ከዚህ ወዲያ የደቀ መዝሙሩ ልብስ ከመምህሩ ልብስ ጋር እየተቀራረበ ሄደ፤ በ1957 ወገብ የሌለውን እንደ ጆንያ የሚወርድ ቀሚስ ሁለቱም በአንድ ወራት አወጡ፤ የ1952ቷ የጥጥ ሸሚዝ ደስታ ቀነሰ የሚሉም አልጠፉም። ይህ ወቀሳ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ዢቫንሺ የመምህሩን ቅርጽ ብቻ አልወሰደም፤ ጨርቅን ወደማይወደው ቅርጽ አለማስገደድን ጭምር ተማረ፤ እንዲህ ያለው ትምህርት ደግሞ ከሩቅ በማየት ብቻ የሚገኝ አይደለም። መምህሩንም በተጠየቀ ቍጥር በስሙ ይጠራ ነበር እንጂ፥ የተማረውን ከራሱ እንዳፈለቀው አድርጎ አላወራም።

በ1967 ባሌንሲያጋ ጋዛር ከሚባል ጠንካራ ሐር፥ ስፌቱ እጅግ ጥቂት የሆነ የሙሽራ ልብስ ሠራ፤ ጨርቁ ራሱ ቆሞ ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየሱቁ የሚሸጥበት ዘመን ስለ መጣ፥ ቤቱን ዘጋ። ደንበኞቹ አዝነው ወዴት እንሂድ ባሉ ጊዜ፥ ጐዳናውን ተሻግረው ወደ ዢቫንሺ እንዲሄዱ መከራቸው። በ1972 በአገሩ በእስፓንያ ሞቶ በጌታሪያ ተቀበረ።

ዢቫንሺ በ1995 ሥራውን ሲተው፥ በመጨረሻው ትዕይንት በነጭ የሥራ ካፖርት ከሠራተኞቹ ጋር ወጥቶ ታየ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ዓመታት ለመምህሩ መታሰቢያ ደከመ፤ በስሙ የቆመውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መራ። በጌታሪያ ቤተ መዘክሩ በ2011 ሲከፈት ዕድሜው ሰማንያ አራት ነበረ። በ2018 እርሱም ዐረፈ። ዛሬ ወደዚያች ከተማ የሚሄድ የስፌት ተማሪ በመስተዋቱ ፊት ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ እጅጌው ከትከሻው ጋር የተገናኘበትን ስፍራ ለማግኘት ዐይኑን አቅርቦ ይፈልጋል።