ያልበራው ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ የትኛው ነው?

ኮምፒዩተር ደኅና ሳለ ስሙን ለመጠየቅ አያስቸግርም። አብርተው ሁለት ሦስት ቁልፍ ቢጫኑ፣ እኔ ዊንዶውስ ይህን ያህል ነኝ ብሎ ራሱ ይናገራል። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሞቶ አልበራም ያለ ጊዜ ግን ጥያቄው ይከብዳል። በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንደበት የለውም። እንግዲህ በዲስኩ ላይ የተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ የትኛው እንደ ሆነ ሳያበሩ ማወቅ ይቻላልን? ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን ይህን ለማወቅ ግድ የሚል ነገር ስለ ገጠመን፣ ያየሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማካፈል ወደድሁ።

በሪከርድ ክፍላችን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። የቀድሞ ተማሪዎች ውጤት የሚገኘው በእርሱ ላይ ባለ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የኖረ፣ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል የሚጽፍ፣ መልኩ የማያስቀና ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያንን መዝገብ አንብቦ ትራንስክሪፕት የሚያትም ከእርሱ በቀር ሌላ የለንም። በየካቲት ወር አንድ ሰኞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ዝም አለ። በዚያው ሳምንት ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድማ የጨረሰች አንዲት እኅት ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ትራንስክሪፕት ፈልጋ ከክፍለ ሀገር መጥታ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። የማመልከቻው ቀን ዓርብ ያበቃል።

የተጠራው ጠጋኝ፣ «ይህ ቀላል ነው፤ አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ፣ ዊንዶውስ 11 ይጫንበት፣ ፋይሉ ይገልበጥ» አለ። የሪከርድ ክፍሉ ኃላፊ ግን በነገሩ አልተደሰቱም። እኔን የሳይንስ ክበብ አባል መሆኔን ያውቁ ነበርና አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ ፕሮግራም ከሁሉም ዊንዶውስ ጋር አይስማማም። ሌላ ነገር ከመደረጉ በፊት የነበረበት የትኛው እንደ ሆነ እወቅልኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ፣ ጋሼ» ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ሥራውን ያዝን።

ኃላፊው እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ባለ 16 ቢት ናቸው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ እነዚህን ያስተናግዳል፤ ባለ 64 ቢት የሆነው ግን ፈጽሞ አይቀበላቸውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም የለውም። ስለዚህ የጠጋኙ ምክር ቢፈጸም አዲሱ ኮምፒዩተር አምሮ ይበራል፤ ትራንስክሪፕት ግን አይወጣም።

በሳጥኑ ጎን የተለጠፈው ወረቀት «ዊንዶውስ ኤክስፒ» ይላል። አንድ መምህር ደግሞ የለም፣ ዊንዶውስ 10 ነበረ ብለው ተከራከሩ። ተለጣፊው የሚመሰክረው ሳጥኑ ከፋብሪካ በወጣበት ጊዜ ስለ ነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደ ጫነበት አያውቅም። የመምህሩም ትዝታ ቢሆን የሌላ ቢሮ ኮምፒዩተር ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱንም ወደ ጎን አደረግናቸው።

ዲስኩን ከሳጥኑ ፈትተን፣ የሳታን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚለውጥ ገመድ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። ላፕቶፑም እንደ ፍላሽ ቈጥሮ ኢ የሚለውን ፊደል ሰጠው። በመጀመሪያ ምንም ሳንነካ ፎልደሮቹን ብቻ ተመለከትን። የተጠቃሚዎቹ ፎልደር «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ቢባል ኖሮ ኤክስፒ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው። ያገኘነው «ዩዘርስ» የሚለውን ነው፤ ይህም ስያሜ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነውና ተለጣፊው እዚሁ ላይ ተረታ። ደግሞም «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው ፎልደር አንድ ብቻ ነበረ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲሆን ሁለት ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ስም ጫፍ ላይ ኤክስ86 የሚል ይጨመራል። ይህን ሳይ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ፎልደር ግን ጥቈማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ያለው ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ነው። ይህ መዝገብ ዊንዶውስ ባይነሣም በዲስኩ ላይ በፋይል መልክ ተቀምጦ ይኖራል፤ በ«ዊንዶውስ» ውስጥ «ሲስተም32»፣ በእርሱም ውስጥ «ኮንፊግ» በሚባለው ፎልደር «ሶፍትዌር» የሚል ስም ይዞ ይገኛል። እኛም ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ገልብጠን ግልባጩን ብቻ ነው የከፈትነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ፋይል ሲከፍት ማንበብ ብቻ ሳይሆን ይጽፍበታልም። ከዚያ በኋላ ሬጅኤዲት የሚባለውን ፕሮግራም አስነሥተን፣ «ሎካል ማሽን» የሚለውን ክፍል መርጠን፣ ከፋይል ዝርዝር «ሎድ ሃይቭ» ብለን ግልባጩን አስገባንና «አሮጌ» የሚል ስም ሰጠነው።

እዚህ ላይ አንባቢን ላስጠንቅቅ። ላፕቶፑ የራሱ ሶፍትዌር የሚባል ክፍል ከጎኑ አለው፤ ውስጣቸውም ቍርጥ አንድ ዓይነት ነው። ስም ለይቶ ያልሰጠ ሰው የራሱን ላፕቶፕ አንብቦ የሟቹን አነበብሁ ሊል ይችላል። በ«አሮጌ» ሥር ማይክሮሶፍት፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ ኤንቲ፣ ቀጥሎ ካረንት ቨርዥን የሚለውን ስንከፍት የፈለግነው ሁሉ ተደርድሮ አገኘነው። ስሙ ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል፣ ሰርቪስ ፓክ 1፣ የቢልድ ቁጥሩ 7601።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማምነው የቢልድ ቁጥሩን ነው። ቢልድ ማለት ሠሪዎቹ ፕሮግራሙን አጠናቅረው ባወጡ ቁጥር የሚሰጡት ተራ ቁጥር ነው። ኤክስፒ 2600፣ ዊንዶውስ 7 በመጀመሪያ 7600 በኋላም 7601፣ ዊንዶውስ 8 9200፣ 8.1 ደግሞ 9600 ነው። ዊንዶውስ 10 ከ10240 ይነሣል፤ 22000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዊንዶውስ 11 ነው። የእትሙን ቁጥር ያየ ሰው ግን ግራ ይገባዋል፤ ዊንዶውስ 7 በውስጡ ራሱን 6.1 ብሎ ይጠራልና። 7.0 ያላሉት የቀድሞ ፕሮግራሞች እንግዳ ቁጥር አይተው እንዳይደናገጡ ነው ይባላል።

ስሙን የማላምንበትን ምክንያት ያሳየኝ ግን ሌላ ዲስክ ነው። ወሬውን የሰሙ አንድ መምህራችን ማዘርቦርዱ የተበላሸ ላፕቶፓቸውን አመጡልን። በዚያው መንገድ ብናነብ ስሙ «ዊንዶውስ 10 ፕሮ» ይላል፤ የቢልድ ቁጥሩ ግን 22631 ነው። መምህሩ 11 እንደ ነበረ በርግጥ ያውቃሉ። ለካስ ዊንዶውስ 11 በዚህ ቦታ ላይ የሚጽፈው ስም ያው የ10 ሆኖ ቀርቷል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ግን መልአኩ ሥራ ሳይበዛበት አልቀረም።

ወደ ሪከርድ ክፍሉ ዲስክ ልመለስ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኢንስቶል ዴት» የሚል፣ 1,377,512,340 የሚል ቁጥር የያዘ መስመር ነበረ። ይህ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ ዊንዶውሱ እስከ ተጫነበት ጊዜ ያለፈው ሴኮንድ ነው። አንዱ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስለ ሆነ በወረቀት ላይ አካፈልነው፤ 15,943 ቀን ሆነና 37,140 ሴኮንድ ተረፈ። ቀኑን ብንቈጥር ነሐሴ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ወደቀ። ኃላፊው ይህን ስነግራቸው ሣቁ። «ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ምሳ ሳንበላ የጫንነው ያን ቀን ነው» አሉ። ከተናገርሁት ሁሉ ሥራችንን ያሳመናቸው ይህ ይመስለኛል።

የቢቱን ነገር ደግሞ ለማረጋገጥ «ሲስተም» የሚባለውን ሁለተኛውን መዝገብ በዚያው መንገድ ከፈትነው። የፕሮሰሰር ዓይነት በተጻፈበት መስመር ላይ ኤክስ86 ይላል፤ ባለ 64 ቢት ቢሆን ኤኤምዲ64 ይል ነበር። ነገሩ አለቀ። ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ፤ ኃላፊው በመሳቢያቸው ካኖሩት ዲቪዲ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ተጫነበት፤ ፕሮግራሙና መዝገቡ ተገለበጡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ጥገና መስጠቱን ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስላቆመ፣ ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ ገመዱን ነቅለናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትራንስክሪፕቱ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ለእኅታችን ተሰጣት።

ከዚያ ወዲህ በግምጃ ቤቱ የነበሩትን አምስት ዲስኮች አንድ በአንድ አየናቸው። ሦስቱ ዊንዶውስ ናቸው። አራተኛው ሊኑክስ ነበረ፤ ይህንንስ ማወቅ እጅግ ይቀላል፤ «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ኦኤስ-ሪሊስ» የሚል አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ስሙና እትሙ በግልጽ ተጽፎበታል። አምስተኛው በቢትሎከር የተቈለፈ ነው። ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ካልተገኘ እንኳን መዝገቡ የፎልደሮቹ ስም አይታይም። ይህን ቁጥር በአሮጌ ደብተር ላይ ጽፎ ያኖረ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ካለ፣ ዲስኩ በሳይንስ ክበቡ ቁም ሣጥን፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ይገኛል።