ከብር እግር ዙፋን እስከ መተማ ድንኳን

መተማ ዮሐንስ ደርሶ ቤተ መንግሥት የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ያለው ኬላ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ የሰሊጥ ጆንያና የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። ሆኖም ልጆችን ስለ ነገሥታት ዙፋን ለማስተማር የጎንደርን ግንብ አሳይቶ ወደዚህች ከተማ ይዞ እንደ መውረድ ያለ ነገር የለም። መንገዱ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ በዚህ ቆላ በነርስነት አገልግያለሁ፤ ባለፈው የወረድኩት ግን የልጅ ልጆቼን ይዤ ነው።

ጎንደር ላይ መጀመሪያ ያሳየኋቸው የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ነበር። ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጎድተውታል። በደኅናው ዘመን ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በዘንባባ ሥዕል፣ ጣሪያውም በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ ንጉሡ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም በሚያብረቀርቅ ጉልላት ሥር፣ እግሮቹ ብር በሆኑ ዙፋን ላይ ተቀምጠው እንዳያቸው ጽፏል።

ይህ ጌጥ ለዓይን ብቻ አልነበረም። የሰሎሞን ዙፋን ከዝሆን ጥርስ ተሠርቶ በወርቅ እንደተለበጠ መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል። ከሰሎሞን ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት አዳራሻቸውን በዝሆን ጥርስና በወርቅ ሲያስጌጡ፣ እንግዳው ገና ከደጅ ሲገባ የማን ልጆች እንደሆኑ ይረዳ ነበር። ሰማያዊው ጉልላትም ለእኔ ሰማይን ከንጉሡ ራስ በላይ የዘረጋ ይመስለኛል።

ግን ፖንሴ ለምን መጣ? ንጉሡ የቆዳ ሕመም ይዟቸው ሐኪም ከካይሮ ስላስፈለጉ ነው። በሴናር በኩል የሱዳንን ቆላ አቋርጦ ሲወጣ፣ የመንገድ ጓደኛው ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ታሞ ሞተበት። ነርስ ነኝና፣ ያን ሁሉ ወርቅና ብር ሳስብ የሚታየኝ የታመመ ቆዳውን ለሐኪም የሚያሳይ ሰው ነው።

መተማ ስንደርስ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ታሪክ ነገርኳቸው። እሳቸውም በመቀሌው ቤተ መንግሥታቸው ጣሊያናዊው ናሬቲ የሠራላቸው የእንጨት ዙፋን ነበራቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ግን እዚህ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ። ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው ለመኳንንቱ የተናዘዙት በቁስል ላይ ሆነው ነው። የቆሰለ ሰው የሚፈልገው ውኃ፣ ጥላና አጠገቡ የሚቀመጥ ወገን ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በወባና በካላዛር የወደቁ የቀን ሠራተኞችን ሳስታምም ያየሁት ይህንኑ ነው።

ትንሹ የልጅ ልጄ፣ «አያቴ፣ ዙፋናቸው እዚህ ካልነበረ ከተማው ለምን በስማቸው ተጠራ?» አለኝ።

«ዙፋኑን ትተው ስለመጡ» አልኩት።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ማለዳ ተነሡ። አጎበር አትርሱ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ልጅ ካተኮሰው ቤት ውስጥ አታቆዩት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ አድርሱት።