ሁለት ሽንብራና አስር ናኖሰከንድ

ባለፈው እሁድ እናቴ «ወንድምህን ምከረው» አለችኝ። ምክሩ ምን መሆን እንዳለበት ደግሞ በዓይኗ ነገረችኝ። ታናሼ «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፊዚክስ ካላጠናሁ» ብሏል። እኔ በፊዚክስ ተመርቄ ባንክ ቤት የሰው ብር የምቆጥር፣ የቤታችን ማስጠንቀቂያ ነኝ።

ልጁ ግን ቀደመኝ። «ተቆራኝተው የሚኖሩ ኤሌክትሮኖች አሉ የሚባለው እውነት ነው?» እንግዲህ እንዲህ ለሚጠይቅ ልጅ ስለ አካውንቲንግ እንዴት ይወራል?

ከቆሎው ውስጥ ሁለት ሽንብራ መረጥኩ። «እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው በል። መዳፌ ደግሞ ኳንተም ዶት፤ በትንንሽ የብረት ኤሌክትሮዶች ቮልቴጅ የታጠረች ጉድጓድ።» ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ገብተው ዝቅተኛውን የኃይል ደረጃ ሲይዙ ስፒናቸው የግድ ተቃራኒ ይሆናል። አንዱ ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም። ቁርኝት ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ሁለት ጉድጓድ መለየት። እ.ኤ.አ. በ2005 ፔታ፣ ማርከስና ባልደረቦቻቸው ሃርቫርድ ውስጥ ይህንኑ በጋሊየም አርሰናይድ ሠሩት። ስፒንን ኩቢት የማድረጉን ሐሳብ ሎስና ዲቪንቼንዞ ያሳተሙት በ1998 ነበር።

(በነገራችን ላይ ይህን ነገር የፍቅር ምሳሌ የሚያደርጉ ሰዎች ያናድዱኛል። በቁርኝት መልእክት አይላክም፤ ሰላምታ እንኳን!)

«ከዚያስ?»

ከዚያማ በአስር ናኖሰከንድ ገደማ ዝምድናቸው ይደበዝዛል። እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ኒውክሊየሶች ከበውታል፤ ሁሉም ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው። እንደ መንደር ወሬ በሉት። ማቆራኘቱ አይደለም፣ ማቆየቱ ነው የሚያደክመው። ሰዎቹ ግን ብልሃት አላጡም፤ እኩሌታ ላይ የሁለቱን ስፒን አቀያየሩ። ወሬው በመጀመሪያው አጋማሽ ያዛባውን በሁለተኛው ራሱ አቃናው! ዕድሜው ከአንድ ማይክሮሰከንድ አለፈ። በ2022 ደግሞ የዴልፍትና የሪከን ቡድኖች በሲሊከን ላይ የሁለት ኩቢት ሥራቸውን ከ99 በመቶ በላይ ጥራት አደረሱት።

«ሲሊከን ላይ ለምን ተሻለ?» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም። «ሲሊከን 28 ኒውክሊየሱ ስፒን የለውም። ወሬኛ የሌለበት መንደር በለው።»

አንዷን ሽንብራ አንስቶ አገላበጣትና በላት።

«መከርከው?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«እየመከርኩት ነው» አልኳት።