ወፍ ደግሞ ምኑ ይታያል?



የውጭ አገር ሰዎች ማቅረቢያ መነጽር አንጠልጥለው ወፍ ለማየት ብቻ እስከ ካፋ ይመጣሉ ሲባል እኛ የዋጫ ልጆች «ወፍ ደግሞ ምኑ ይታያል?» ብለን እንስቃለን። ሰዎቹ ግን ያለ ምክንያት አይለፉም። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይታያሉ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም የመዘገበው የካፋ ደን ደግሞ የብዙዎቹ ቤት ነው።

በደናችን ምንቃሩ ላይ ትልቅ ጉብታ ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ፤ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል። የሚቀረው ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ፍራፍሬ እያመላለሰ እሷንም ጫጩቶቿንም የሚቀልበው አባወራው ነው። ሱብሓነላህ! (ባለትዳሮች ልብ በሉ።) የበላውንም ዘር በየሄደበት እየጣለ ደኑን ይተክላል። ያረጀው ዛፍ ለጣውላ ከተቆረጠ ግን ይህ ቤተሰብ መግቢያ የለውም፤ ለጋ ዛፍ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውምና። ራሱ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ባለረጅም እግሩ ወፍም ረግረጉ ሲደርቅ እንደዚሁ ይሆናል።

ቁርኣን በሱረቱል ሙልክ ከበላያችን ክንፋቸውን እየዘረጉና እያጠፉ የሚበሩትን አላዩምን ብሎ ይጠይቃል። በሱረቱ አን-ነምል ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) የሰበእን ወሬ ያመጣው ሁድሁድ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከትምህርት ቤት መልስ በወንጭፍ ወፍ የሚጥሉ ልጆች አሉ፤ ለመብላት ሳይሆን ለፉክክር። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወፍ አስረው በቀስት ሲወዳደሩባት ባገኟቸው የቁረይሽ ወጣቶች አጠገብ አልፈው ነበር። ወጣቶቹ ሲያዩዋቸው ተበተኑ፤ እሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርገማቸውን ነገሩ (ሙስሊም ዘግበውታል)። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ሶሓቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ፤ እናቲቱ መጥታ ክንፏን ስታርገበግብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ።

ልጆቹን ተቆጥቶ ወንጭፍ መንጠቅ ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሌላ ይሠራሉ። ይልቅ ፉክክሩን እናዙረው፦ ከቤት እስከ መድረሳ ብዙ ዓይነት ወፍ ያየ ማን ነው? ስልክ ያለን ደግሞ ያየነውን የምንመዘግብበት ኢበርድ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ አለ፤ የመላው ዓለም ሰው ይጽፍበታል። ስልክ የሌለው በደብተር ይጻፍ። የወፎቹን የካፊኛ ስም ግን መተግበሪያው ላይ አናገኘውም፤ እሱን አያቶቻችንን እንጠይቅ።