«ግድ የለም፣ ብቻ ይሥራ»

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳባት፣ አንድ ቀን ሙሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ ጋር ስሟገት ዋልሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ ችግሩ የእርሱ ብቻ አይደለምና። ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ተኮልኩለዋል፤ ሠራተኛዋ «ሲስተም የለም» ትላቸዋለች። ሲስተሙ ግን ነበረ። ኔትወርኩ ይሠራል፤ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው።

ጣጣውን ያመጣው በኮምፒውተሮቹ ላይ በቅርቡ የተጫነው አዲስ ድራይቨር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኦዲቢሲ 18፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ግንኙነቱ እንዲመሰጠርና ሰርቨሩም ማንነቱን በታመነ ሰርተፍኬት እንዲያስረዳ ይጠይቃል። የዚህ ቢሮ ሰርቨር የያዘው ሰርተፍኬት ግን ራሱ ለራሱ የጻፈው ነበር። ድራይቨሩ «ይህን የሰጠውን አካል አላምነውም» ብሎ በሩን ዘጋ።

አቋራጩ አንዲት ቅንብር መለወጥ ነው፤ «ሳትመረምር እመነው» ብሎ ማዘዝ። ያን ጊዜ ምስጠራው ይቀጥላል፤ ከወዲያ ያለው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አይኖርም። መሐል የገባ አጭበርባሪ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ቢል ምሥጢሩን በሹክሹክታ ለእርሱ መንገር ነው።

ኃላፊው «ግድ የለም፣ ብቻ ይሥራ» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም፤ በረንዳው ላይ ያሉት ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ቅንብሯን ለወጥሁ፤ ሰዎቹም ጉዳያቸውን ጨርሰው ሄዱ። አመሻሹ ላይ በሰርቨሩ ስም አዲስ ሰርተፍኬት ሠርቼ፣ በየኮምፒውተሩ ከታመኑት ዝርዝር አስገብቼ፣ ቅንብሯን ወደ ቦታዋ መለስሁ። በሌሎች ቢሮዎች ግን ሳልመልሳት የወጣሁባቸው ቀናት እንዳሉ አልክድም።

የዳባት ሰው ለመመዝገብ እንግዳ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደቱንና ሞቱን መዝግቧል። ሰው ለመዝጋቢ ደጁን የሚከፍተው አምኖ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም «መታወቂያ» ሲባል ያለ ክርክር ያወጣል። መዝገቡን የያዘው ማሽን ማንነቱን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ግን «ግድ የለም» የምንለው እኛ ነን። እርሱ ማንነቱን ያስረዳል፤ እኛ ግን አናስረዳለትም።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል፤ ደግ ነው። አዋጁ ዳባት መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው ግን በዚያች ባንዲት ቅንብር ነው። እርሷን የሚለውጠው ደግሞ ሕግ አውጪው ሳይሆን፣ ሰዓት የጠበበበትና ሰልፍ የበዛበት እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ነው።