ዕጣን በኮድ ሲፈለግ

ሐርጌሳ ገበያ ላይ ከሳናግ ተራሮች የወረደ ዕጣን ይሸጣል። በዚህ ሙጫ ላይ ማን የፈጠራ መብት እንደጠየቀ ለማወቅ የሚሻ ነጋዴ ወይም ተማሪ በስሙ ብቻ ከፈለገ ብዙ ያመልጠዋል፤ አንዱ አመልካች «ዕጣን»፣ ሌላው «ቦስዌሊያ» ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ በቻይንኛ ይጽፈዋል።

ኮዱ ግን አንድ ነው።

በዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ኤ61ኬ 36/324 ለመድኃኒትነት የዋለውን ዕጣን፣ 36/328 ደግሞ የከርቤን ወገን ይይዛል። ይህ የዕፅዋት መድኃኒት ክፍል በ2006 እ.ኤ.አ. ነው ሥራ ላይ የዋለው፤ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቀድሞ ዕፅዋቱ 35/78 በሚባል አንድ ቁጥር ሥር ተደባልቀው ይቀመጡ ነበርና፣ ዕጣንን ከሬት መለየት አድካሚ ነበር።

አሁን ቁጥሩን ፓተንትስኮፕ በተባለው የፓተንት ሰነዶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማስገባት ይበቃል። ፈላጊው ሽቶና የዕጣን ዘይትም ካሻው ሲ11ቢ 9ን ይጨምርበት፤ የሐርጌሳ ላኪዎችን በቀጥታ የሚመለከተው እሱ ነው።