ስድስቱ ሺህ ብር የት ገባ?

ሰው ደመወዙን ሲጠየቅ የሚናገረው ያልተጣራውን ነው። እኔም ያው ነኝ። ያልተጣራ ደመወዝ ኪስ ገብቶ አያውቅም፤ ለወሬ ግን እሱን የሚያህል የለም። የሌላውን ሰው ፔሮል በየወሩ የምሠራ የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ ሳለ፣ የራሴ ጉዳይ ሲመጣ ትልቁ ቁጥር ልቤን እንዳሸፈተው አልደብቅም።

ሁለቱ ኦፈሮች የመጡልኝ በአንድ ሰሞን ነው፤ የገቢ ግብሩ በ2017 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት። አንደኛው ቃሊቲ ያለ አስመጪ ድርጅት ነው፦ የፋይናንስ ማናጀር፣ 26,000 ብር። ሌላው መገናኛ ያለ መሥሪያ ቤት፦ ሲኒየር አካውንታንት፣ 20,000 ብር ደመወዝና 2,200 ብር የትራንስፖርት አበል። የምኖረው አያት ነው።

እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ማናጀር? እንግዲህ ለእድሩ ሰዎች ልንገራቸዋ!»

«ቆይ እማዬ፣ ገና አልፈረምኩም» አልኳት። በሆዴ ግን እኔም ለስንቱ ነግሬ ጨርሻለሁ። አብሮኝ ተምሮ ባንክ የገባ፣ ሠርግ ላይ በተገናኘን ቁጥር «አሁን የት ነሽ?» የሚለኝ ልጅ አለ። ለእሱ የምሰጠውን መልስ ሳይቀር አሰናድቼ ነበር። እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር ሁለተኛ ነው፤ የፈለግኩት መጠሪያውን ነበር።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ያኔ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ 35 በመቶው ይሰላና 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር፤ ግብሩ ያ ነበር። ከ26,000ው ላይ ግብር 7,600፣ ጡረታ 7 በመቶ 1,820 ሲነሣ የሚቀረው 16,580 ብር ነው። ከ20,000ው ላይ 5,500 ግብርና 1,400 ጡረታ ሲነሣ 13,100 ይቀራል፤ ግብር የማይነካው 2,200 ሲጨመርበት 15,300። በስድስት ሺህ ብር ይበላለጣሉ ያልኳቸው ሥራዎች እጄ ላይ ሲደርሱ የሚበላለጡት በ1,280 ብር ሆነ። ደጋግሜ ደመርኩት። ያውም ከአያት ቃሊቲ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየሩ፣ ዝናብ ሆኖ ታክሲ ሲጠፋ ደግሞ ራይድ መጥራቱ ሳይታሰብ።

ለእውነት ያህል፣ ቃሊቲን በዚህ ብቻ አልጣልኩትም። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ በ26,000ው ላይ ይበልጣል፤ ወደፊት ጡረታዬ የሚሰላውም በደመወዜ ልክ ነው። ደግሞስ ነገ ሌላ ቦታ ስወዳደር «የአሁኑ ደመወዝሽ ስንት ነው?» መባሌ አይቀርም፤ ያኔ 26,000 ማለትና 20,000 ማለት ለየቅል ናቸው።

የከበደኝ ያ የጓጓሁለት መጠሪያ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ «ሥራ ሲበዛ ትንሽ ማምሸት አለ» ብለውኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ሥራን በስምንት ሰዓት ይወስናል፤ ከዚያ በላይ የተሠራው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በአንድ ተኩል፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሲሆን በእጥፍ ይከፈላል። ግን አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም። ማናጀር ተብዬ በሥራ መሪነት ከፈረምኩ፣ በአዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ አልችልም ማለት ነው። እናቴ ለእድር የምትነግረው ማዕረግ የማምሸቴን ዋጋ ይዞ ይሄዳል። ለነገሩ ይህን ሕግ ድሮም አውቀው ነበር፤ ለራሴ ብዬ አንብቤው ግን አላውቅም።

«ትንሽ ማምሸት» ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ አንድ ቀን ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቃሊቲ ሄድኩ። በሩ ላይ ካፖርት የደረቡ ጥበቃ ተቀምጠዋል።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

ሳቅ አሉ። «የመጋዘኖቹ ይኸው እየወጡ ነው። የሒሳቦቹማ ወር መጨረሻ ላይ ከእኔ ጋር ነው የሚያድሩት።»

«በፊት የነበረው ማናጀርስ ለምን ለቀቀ?»

«የትኛው?» አሉኝ።

መገናኛን ያዝኩ።

ያጣሁትንም ልንገራችሁ። እዚህ የደመወዝ ጭማሪ የሚጸድቀው በቦርድ ነው፤ ቦርዱ ሲሰበሰብ፣ ሲወያይ፣ ሲያዘገይ የገበያው ዋጋ ቀድሞ ይሄዳል። መደቤም ያው ሲኒየር አካውንታንት ነው፤ ከበላዬ ያለው ወንበር የሚለቀቅም አይመስልም። የባንኩ ልጅ ሠርግ ላይ ሲጠይቀኝ እንደ ድሮው እመልስለታለሁ፤ አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል። እናቴ በበኩሏ ለእድሩ ሰዎች «በጊዜ ቤቷ የምትገባበት ሥራ አግኝታለች» ብላ ነግራቸዋለች፤ ይህንንም ከማናጀርነት ባልተናነሰ ኩራት ነው የምትናገረው። እኔ በበኩሌ ምርጫው ዛሬ ቢመጣም መገናኛን እመርጣለሁ።

ሁለት ኦፈር ይዛችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ «ሰኞ መጥታችሁ ፈርሙ» ስትባሉ የውሉን ረቂቅ ለአንድ ሌሊት ስጡኝ በሉ። የሥራ መደቡን መጠሪያና የሥራ ሰዓቱን ከደመወዙ እኩል አንብቡት። በቃል የተነገራችሁ አበል ካለም እዚያው ላይ አስጽፉት፤ እኛ ፔሮል የምንሠራው ውሉ ላይ በሰፈረው ብቻ ነው።